«አይነዝርም» ብዬ የናቅሁት ባትሪ

የምኖረው ከእንጦጦ ማዶ፣ ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ሱሉልታ ነው። እናቴ የስኳር ሕመም ስላለባት ገና ያልተከፈተው ኢንሱሊኗ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ አለበት። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መብራት በተደጋጋሚ እየጠፋ፣ አንዳንዴም ሁለት ቀን ሳይመለስ እየቆየ ቢያስቸግረን፣ የራሴን ባትሪ ገጥሜ ቢያንስ ማቀዝቀዣውንና የቤቱን አምፖሎች ከዚህ ጭንቀት ለማውጣት ቆረጥሁ። ያ ባትሪ ዛሬ በደህና እየሠራ ነው። ነገር ግን እዚህ እስክደርስ ድረስ በዚሁ ባትሪ ላይ ሁለት ጊዜ ለእሳት ተቃርቤያለሁ፤ በሁለቱም ጊዜ ጥፋቱ የሊቲየም ሴሎቹ አልነበረም። አንዱ ከአንድ መፍቻ፣ ሌላው ከአንድ ያልጠበቀ ዳዶ የመጣ ነው። ሰው ሁሉ ስለ ሴሎቹ ዋጋና ዓይነት ሲከራከር ስለ ማያያዣው የሚያወራ ስለማላገኝ፣ በተመሳሳይ መንገድ ላይ ላላችሁ ሁሉ የደረሰብኝን በዝርዝር ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

መጀመሪያ የሞከርሁት በእርሳስ ባትሪ ነበር። ሁለት ባለ100 አምፔር ሰዓት ባትሪዎች ገዝቼ የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት ኃይል ከሚቀይር መሣሪያ (ኢንቨርተር) ጋር አገናኘሁና፣ መብራት በጠፋ ቁጥር እስኪያልቁ ድረስ ተጠቀምሁባቸው። የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ዘወትር ከተራገፈ ዕድሜው በፍጥነት እንደሚያጥር ያወቅሁት ዓመት ሳይሞላቸው ሁለቱም ከሞቱ በኋላ ነው።

ቀጥሎ ርካሽ መንገድ ፈለግሁ። ከአሮጌ ላፕቶፖች የተፈቱ፣ ከሪሞት ድንጋይ ትንሽ የሚበልጡ ሲሊንደር የሊቲየም ሴሎችን በኪሎ የሚሸጥ ሰው አግኝቼ አንድ ካርቶን ሙሉ አመጣሁ። ታሪካቸው የማይታወቅ ሴሎችን ሰብስቦ አንድ ባትሪ ማድረግ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ፣ ቻርጅ አድርጌ ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጥኋቸው መካከል አንዱ ከምንም ነገር ጋር ሳይገናኝ በራሱ እየጋለ በእጅ የማይያዝ ሲሆን ነው። አውጥቼ ግቢ ውስጥ አሸዋ ላይ አስቀመጥሁትና እስኪበርድ ድረስ ከሩቅ ቆሜ ጠበቅሁት። የዚህ ዓይነት ሴሎች በብዛት ኒኬልና ኮባልት ያለበት ውህድ የሚጠቀሙ ናቸው፤ ከመጠን በላይ ሲግሉ ውህዱ ራሱ ኦክስጅን ስለሚለቅ እሳቱን አፍኖ ማጥፋት እጅግ ያስቸግራል። ቤተሰብ በሚያድርበት ግቢ ውስጥ በልምምድ ደረጃ ያለ ሰው ሊነካቸው አይገባም ብዬ አምናለሁ፤ እኔም ካርቶኑን ሙሉ መለስሁ።

በመጨረሻ የመረጥሁት ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለውን ነው። ይህ ውህድ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ፣ በኋላ በ2019 (እ.ኤ.አ.) የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ከተጋሩት ሦስት ሳይንቲስቶች አንዱ በሆኑት በጆን ጉዲናፍ ቤተ ሙከራ የተሠራ ሲሆን፣ ኦክስጅኑ ከፎስፈረሱ ጋር አጥብቆ ስለተሳሰረ በሙቀት በቀላሉ አይላቀቅም። ይህ ማለት አይቃጠልም ማለት አይደለም። እጅግ ከተጎዳ ወይም ከመጠን በላይ ከተሞላ ተቀጣጣይና መርዛማ ጋዝ ይተፋል። ልዩነቱ ስህተትን የሚታገሥበት ጊዜ ረዘም ማለቱ ነው፤ ለጀማሪ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ነገር የለም።

የገዛሁት ስምንት ሴል ነው። እያንዳንዱ 3.2 ቮልት እና 280 አምፔር ሰዓት ሲሆን፣ ስምንቱ በተከታታይ ሲገናኙ 25.6 ቮልት፣ በጉልበት መጠን ደግሞ ወደ 7.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስጠንቅቃችሁ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሁለት ሁለት ሴል በሻንጣ እንዲያመጣላችሁ አትጠይቁ። መንገደኛ በአውሮፕላን ይዞ ሊጓዝ የሚችለው ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በአየር መንገዱ ፈቃድ እንኳ ከ160 ዋት ሰዓት አያልፍም፤ ከእነዚህ ሴሎች አንዱ ብቻውን ወደ 900 ዋት ሰዓት ነው። የአክስቴ ልጅ ለእኔ ብሎ ሊያመጣ ሞክሮ ፍተሻ ላይ ተወስዶበታል፤ ከሁሉም በላይ ግን በአየር ላይ ባለ አውሮፕላን ውስጥ ሊደርስ የሚችለውን ሳስበው ዛሬም ይከብደኛል።

የቤታችን የቀን ፍጆታ ማቀዝቀዣውን፣ አምፖሎቹን፣ ቴሌቪዥኑንና ዋይፋዩን ጨምሮ 2.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ ባትሪውን ሰማንያ በመቶ ብቻ ብጠቀም ሁለት ቀን ይበቃናል ብዬ አሰላሁ። የእንጀራ ምጣዱን ከሒሳቡ አወጣሁት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ኪሎ ዋትና ከዚያ በላይ ስለሚስብ፣ ለምጣድ ተብሎ የሚገጠም ባትሪና ኢንቨርተር ዋጋው ሌላ፣ አደጋውም ሌላ ነው። ባለቤቴም ተስማማች፤ እንጀራ የምንጋግረው መብራት ሲኖር ነው።

የመጀመሪያውን ቴክኒካዊ ስህተት የሠራሁት በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ነው። ሴሎቹ ሲደርሱ አንድ በአንድ በመልቲሜትር ለካኋቸው፤ ስምንቱም 3.29 ቮልት ስላሳዩ «እኩል ናቸው» ብዬ በቀጥታ በተከታታይ አገናኘኋቸው። የዚህ ውህድ ጠባይ ግን እንደዚያ አይደለም። ቮልቴጁ ከታች ጫፍ እስከ ላይ ጫፍ ባለው ሰፊ መካከል ላይ ፈቅ ስለማይል፣ አርባ በመቶ የተሞላውና ስድሳ በመቶ የተሞላው ሴል በመልቲሜትር ላይ አንድ ዓይነት ሊመስሉ ይችላሉ። ልዩነታቸው የሚገለጠው ሊሞሉ ወይም ሊያልቁ ሲሉ ነው። በመጀመሪያው ቻርጅ ሰባቱ ሴሎች 3.38 ላይ እያሉ ስድስተኛው ብቻውን 3.65 ቮልት ላይ ደረሰና፣ የእያንዳንዱን ሴል ቮልት እየተከታተለ ሴሎቹን የሚጠብቀው፣ ቢኤምኤስ የሚባለው የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ መስመሩን ቆረጠው። ቢኤምኤስ ባይኖር ኖሮ ቻርጀሩ የሚያየው ጠቅላላውን 27.3 ቮልት ብቻ ስለሆነና የእሱ ግብ 28.4 ስለሆነ፣ ያንን አንድ ሴል እስኪያብጥ ድረስ ይገፋው ነበር። ያለ ቢኤምኤስ ለአንድ ሰዓትም ቢሆን «ለሙከራ» ቻርጅ አታድርጉ የምለው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ሁሉንም ሴሎች ፈትቶ፣ ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ ኔጌቲቩን ከኔጌቲቭ ጎን ለጎን በማገናኘት፣ ቮልቴጁ በሚስተካከል የኃይል ምንጭ እስከ 3.65 ቮልት አንድ ላይ መሙላት ነው። የእኔ የኃይል ምንጭ 10 አምፔር ብቻ ይሰጥ ስለነበር ከአንድ ቀን በላይ ፈጀብኝ። ግማሽ ብቻ የተሞሉ ስምንት ሴሎችን ከመጀመሪያው እንዲህ ጎን ለጎን አድርጎ በ10 አምፔር ለመሙላት የሚነሣ ሰው አምስት ቀን ሊጠጋ ይችላል። ስለዚህ የእኔ ስህተት ሳያስበው አጭሩን መንገድ አሳየኝ፤ መጀመሪያ በተከታታይ፣ በቢኤምኤስ ጥበቃ ሥር፣ አንዱ ሴል እስኪሞላ ድረስ መሙላትና ከዚያ ፈትቶ ጎን ለጎን ማስተካከል።

በዚህ ሥራ ላይ ሦስት ነገር ልለምናችሁ። የኃይል ምንጩን ቮልቴጅ ከሴሎቹ ጋር ከማገናኘታችሁ በፊት አስተካክሉ እንጂ ካገናኛችሁ በኋላ አይሁን። ጎን ለጎን ስታገናኙ አንድ ሴል ከተገለበጠ የሌሎቹ ሰባት ሴሎች ጉልበት በሙሉ በእሱ ላይ ስለሚወርድ፣ እያንዳንዱን ከማሰራችሁ በፊት ድገሙና ለኩ። ሦስተኛው ትዕግሥት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቁጥሩ 3.40 ላይ ቆሞ ሳየው «ትንሽ ከፍ ባደርገውስ» የሚል ሐሳብ መጥቶብኝ ነበር፤ እንዲህ ያደረገ ሰው እንቅልፍ ከጣለው ሲነቃ የሚያገኘው እንደ ዳቦ ያበጡ ሴሎችን ነው።

ወደ መፍቻው ልምጣ። ጎረቤታችን ዕድሜያቸውን በኤሌክትሪክ ሥራ ያሳለፉ ጡረተኛ ናቸው፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ሴሎቹን መልሼ በተከታታይ ላገናኝ በተዘጋጀሁበት ቅዳሜ መጥተው አጠገቤ ቆሙና፣ ከምንም ነገር አስቀድመው እጄን ተመለከቱ።

«ልጄ፣ ያን ቀለበትና ያን ሰዓት አውልቅ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ 24 ቮልት ነው፤ አይነዝርም» አልኋቸው።

«አዎ፣ አይነዝርህም» አሉ። «ያቃጥልሃል እንጂ።»

እሳቸውን ላለማስቀየም ብዬ አውልቄ ኪሴ ውስጥ ከተትሁ። ሥራው ሲጋመስ ግን ባለ10 ቁጥሩ መፍቻ ከዳዶው ላይ አዳልጦ፣ አንዱ ጫፉ በአንድ ሴል ፖዘቲቭ ላይ እንዳለ ሌላው ጫፉ በዚያው ሴል ኔጌቲቭ ላይ አረፈ። ድምፁ የፈነዳ ጎማ ይመስላል። ነጭ ብርሃን ዓይኔን ሞላው፣ የቀለጠ ብረት ፍንጣሪ እጅጌዬን በሳ፣ መፍቻውም ከእጄ ተፈናጥሮ ወደቀ። ካነሣሁት በኋላ ሳየው አፉ አጠገብ አይጥ እንደበላው ዳቦ ተቦጭቋል፤ የሴሉ ጫፍም ላይ ጥቁር ጉድጓድ ቀርቷል። ይህ ሁሉ የሆነው በ3.2 ቮልት ብቻ ነው። የእነዚህ ሴሎች ውስጣዊ ተቃውሞ ከአንድ ሺህኛ ኦም እጅግ ያነሰ በመሆኑ፣ ብረት ሲያገናኛቸው በሺህ የሚቆጠር አምፔር በቅጽበት ይፈሳል። ቀለበቱ በመፍቻው ቦታ ቢሆን ኖሮ ጣቴ ዛሬ አይኖርም ነበር። ጋሼ አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ቤታቸው ሄደው ጥቁር የኤሌክትሪክ ናስትሮ ይዘው መጡና፣ መፍቻዎቼን ሁሉ ከአፋቸው በቀር እስከ ጫፍ ድረስ ጠቀለሉልኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የያዝሁት ደንብ አለ። በምሠራበት አንድ ጫፍ በስተቀር ሌሎቹን ጫፎች በሙሉ በወፍራም ላስቲክ እሸፍናለሁ፤ መነጽር አደርጋለሁ፤ ከባትሪው በላይ ባለ መደርደሪያ ላይ ምንም ብረት አላስቀምጥም። የሴሎቹ ሰማያዊ ልባስ ስስ ላስቲክ፣ ከሥሩ ያለው ደግሞ አሉሚኒየም ስለሆነ፣ በየሁለቱ ሴል መካከል ጠንካራ የማያስተላልፍ ሉህ አስገብቻለሁ። የቢኤምኤሱን ዘጠኝ ቀጫጭን ሽቦዎችም ሶኬቱን ከመሰካቴ በፊት ከመጀመሪያው ጀምሬ አንድ በአንድ ለካኋቸው፤ ቁጥሩ በየሽቦው በ3.3 ቮልት ገደማ እየጨመረ መሄድ አለበት። አንዱ ቦታውን ከሳተ ቢኤምኤሱ እዚያው ይቃጠላል።

ጋሼ የጠየቁኝ ሁለተኛው ጥያቄ ፊውዙ የት አለ የሚል ነበር። እኔ ቢኤምኤሱ ይበቃል ብዬ ነበር። ቢኤምኤስ ግን መስመር የሚቆርጠው በኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች ነው፤ እነሱ ሲበላሹ ደግሞ ብዙ ጊዜ ተዘግተው፣ ማለትም ኤሌክትሪክ እያስተላለፉ ይቀራሉ። በሒሳብ እንየው። የስምንቱ ሴሎች፣ የገመዱና የማያያዣዎቹ ተቃውሞ በድምሩ ሦስት ሺህኛ ኦም ቢሆን፣ ገመዱ ኮንታክት ሲፈጥር የሚፈሰው 25.6 ለ0.003 ሲካፈል ነው፤ ይህም 8,500 አምፔር ያህል ይሆናል። ተራ የመኪና ፊውዝ ይህን ያህል ሲመጣበት ሽቦው ቢቀልጥም ብልጭታው በውስጡ ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ ክላስ ቲ የሚባለውን፣ እስከ 20,000 አምፔር የሚደርስን ፍሰት ማቋረጥ የሚችለውን የፊውዝ ዓይነት አፈላልጌ፣ ባለ175 አምፔሩን ከባትሪው ፖዘቲቭ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ገጠምሁ። የእኔ ኢንቨርተር 3,000 ዋት ስለሆነ ሲበረታ 140 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ገመዱ ባለ50 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ነው። ፊውዙ ከገመዱ አቅም በታች መሆን አለበት፤ ፊውዝ የሚጠብቀው ገመዱን ነውና።

ስለ ብሬከር ደግሞ አጭር ነገር ልበል። ባትሪውን ከሚሞሉት የሶላር ፓኔሎቼ በሚመጣው መስመር ላይ መጀመሪያ የገጠምሁት ለቤት መብራት የሚሸጠውን ተራ ብሬከር ነበር። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ሳጠፋው ከውስጡ እንደ ንብ የሚጮህ ድምፅ ተሰማ፤ ጭስም ወጣ። የቤታችን መብራት በሰከንድ መቶ ጊዜ ዜሮ ላይ ስለሚያልፍ ብልጭታው በራሱ ይጠፋል፤ የሶላርና የባትሪ ኃይል ግን ሳያቋርጥ በአንድ አቅጣጫ ስለሚፈስ፣ ብልጭታው እንደ ብየዳ እየነደደ ይቀጥላል። በላዩ ላይ ዲሲ የሚል ጽሑፍና በቂ ቮልት ያለውን፣ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩንም ሳትገለብጡ ግጠሙ። ከዚህ ጋር የእኛ አገር ከፍታ ይጨመርበታል። የብዙዎቹ መሣሪያዎች አቅም የተለካው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ሲሆን፣ አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከዚያ በላይ ናቸው፤ ሱሉልታ ደግሞ ከ2,500 ሜትር ታልፋለች። አየሩ ሲሳሳ መሣሪያ እንደ ቆላው አይቀዘቅዝም፣ ብልጭታም በቀላሉ አይጠፋም። ስለዚህ ኢንቨርተሩ 3,000 ቢልም እኔ ከ2,200 ዋት በላይ ለረጅም ጊዜ አልጭንበትም።

ይህን ሁሉ ካደረግሁ በኋላ ሥራው ያለቀ መስሎኝ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ ግን በስልኬ የቢኤምኤሱን ገጽ ስመለከት አራተኛው ሴል እንግዳ ነገር ማሳየት ጀመረ። ሸክም በሌለበት ሰዓት ከሌሎቹ ጋር እኩል ነው፤ ባለቤቴ አንዷን የኤሌክትሪክ ምድጃ ስትለኩስ ግን ሌሎቹ 3.25 ላይ እያሉ እሱ ብቻ ወደ 2.8 ይወርዳል። የተበላሸ ሴል ሸጡልኝ ብዬ ደመደምሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ምትክ ሴል ሳፈላልግ ቆየሁ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ምድጃውን መጠቀማችንን አላቆምንም ነበር።

አንድ ማታ እናቴ ከግቢ ስትመለስ «የሚጤስ ላስቲክ ይሸተኛል» አለች። ሮጬ የባትሪውን ክዳን ስከፍት ጭስ የለም፤ ግን የአራተኛው ሴል ሰማያዊ ልባስ በጫፉ ዙሪያ ቡናማ ሆኖ ተኮማትሯል፤ ከላይ ያለችው የላስቲክ ቀለበትም እንደ ሻማ ወርዳለች። ኃይሉን አጥፍቼ፣ ሲበርድ በተጠቀለለው መፍቻ ስነካው ዳዶው ያለ ምንም ጉልበት ሩብ ዙር ዞረ። ከፍንዳታው በኋላ በድንጋጤ ውስጥ ሆኜ ያሰርሁት እሱ ነበር።

ሴሉ አንድም ችግር አልነበረበትም። ቢኤምኤሱ የሚለካው ሴሉን ከነማያያዣው ስለሆነ፣ የላላው ማያያዣ የሚበላውን ቮልት የሴሉ ድካም አስመስሎ ያሳየኝ ነበር። ምድጃው 87 አምፔር ያህል ሲስብ 0.45 ቮልት ከጠፋ፣ በዚያች አንዲት ዳዶ ሥር የሚፈጠረው ሙቀት 40 ዋት ገደማ ነው። ይህ የራዲዮ ጠጋኝ እርሳስ ከሚያቀልጥበት ብረት ጋር እኩል ነው። እኔም ያንን የጋለ ብረት በሴሉ ራስ ላይ ተክዬ በየማታው ራት እናበስል ነበር። ይህን ሒሳብ በወረቀት ላይ ሠርቼ ስጨርስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከግድግዳው ማዶ የምትተኛው እናቴ ናት።

ስለዚህ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህንን ውሰዱ። አንድ ሴል በሸክም ጊዜ ብቻ ከወረደ፣ ሴሉን ከመክሰሳችሁ በፊት ምድጃውን አጥፉና ማያያዣውን መርምሩ። ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። መጠነኛ ሸክም ለጥቂት ደቂቃ አብርታችሁ፣ መልቲሜትሩን በሚሊቮልት ላይ አድርጋችሁ አንዱን መርፌ በሴሉ ጫፍ ላይ፣ ሌላውን እዚያው ላይ በታሰረው ባስባር፣ ማለትም ሴልን ከሴል በሚያገናኘው ጠፍጣፋ መዳብ ላይ አስቀምጡ። ደህና የሆነ ማያያዣ ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ያሳያል፤ አሥራ ስድስቱንም ለክታችሁ ከሌሎቹ ተለይቶ ከፍ ያለውን ታገኛላችሁ። እኔ ሁሉንም ፈትቼ ጫፎቹንና ባስባሮቹን በስስ የአሸዋ ወረቀት አሸሁ፣ በአልኮል ጠረግሁ፣ ከዚያም ቶርክ የሚለካ መፍቻ ተውሼ ከሴሎቹ ጋር በመጣው ወረቀት መሠረት በ4 ኒውተን ሜትር አሰርኋቸው። ከዚያ በላይ በጉልበት ማሰርም ጥፋት ነው፤ የሴሉ ጫፍ ለስላሳ አሉሚኒየም ስለሆነ ጥርሱ ይበላል። በመጨረሻ በእያንዳንዱ ዳዶና ባስባር ላይ በቀይ ቀለም አንድ ቀጥተኛ መስመር አሠመርሁ። ዳዶው ከተንቀሳቀሰ መስመሩ ስለሚሰበር በዓይን ብቻ ይታያል። በሳምንቱ፣ በወሩ፣ ከዚያም በየሦስት ወሩ አያለሁ፤ የወፍራሞቹን ገመዶች ጫፍም በመዶሻ ቀጥቅጬ ያሰርኋቸውን አስወግጄ በሃይድሮሊክ መጭመቂያ አስጠብቄአቸዋለሁ።

ሌላው ያላሰብሁት ጠላት ውርጭ ነው። ባትሪው ያኔ የነበረው ከሰርቪስ ቤቱ ጀርባ ባለ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ነበር። ሊቲየም አይረን ፎስፌት በብርድ ኃይል መስጠት ይችላል፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ከተደረገ ግን ሊቲየሙ ወደ ውስጥ መግባት አቅቶት በላይ ላይ እንደ ብረት ይለጠፋል። ይህ ጉዳት አይመለስም፤ ሲደጋገምም በሴሉ ውስጥ ኮንታክት ሊፈጥር ይችላል። ሶላር ብቻ ያለው ሰው ይህ ብዙም አያሰጋው ይሆናል፤ ፀሐይ ስትወጣ ብርዱም ይለቃልና። የእኔ ኢንቨርተር ግን ከዋናው መስመርም ይሞላ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ ውስጥ መብራት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ተመልሶ ኖሮ፣ ጠዋት ስነሣ ሣሩ ላይ ነጭ ውርጭ ተጋግሯል፣ ባትሪው ደግሞ በ3 ዲግሪ ሙቀት ላይ ሆኖ በ60 አምፔር እየሞላ ነው። ሁለት ሦስት ዲግሪ ቢወርድ ኖሮ ሳላውቅ አበላሸው ነበር።

በዚያው ቀን ቢኤምኤሱ ከ5 ዲግሪ በታች ቻርጅ እንዲያቆም፣ ከዋናው መስመር የሚመጣውም ቻርጅ በ20 አምፔር እንዲወሰን አደረግሁ፤ በሳምንቱም ባትሪውን ወደ ሰርቪሱ የብሎኬት ክፍል አዛወርሁት። አንድ ወዳጄ ሳጥኑን በነጭ ፎም እንድለብጠው መክሮኝ ነበር፤ ፎም ግን በቀላሉ የሚነድ ነገር ስለሆነ ከባትሪ አጠገብ አላስቀምጠውም። አሁን ያለበት ክፍል ማንም የማይተኛበት፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ከላይና ከታች የአየር መውጫ ያለው ነው። ባትሪው በክረምት ጎርፍ እንዳይነካው ከወለሉ ግማሽ ሜትር ከፍ ብሏል፤ ኮርኒሱ ላይ የጭስ ደወል አለ። አሮጌውን የእርሳስ ባትሪ የሚሞላውን የኢንቨርተር ቅንብር፣ በተለይም ኢኳላይዝ የሚባለውን ከፍተኛ ቮልት፣ ሙሉ በሙሉ አጥፍቻለሁ።

ከኢንቨርተሩ የሚወጣውን መስመር ከቤቱ ጋር ያገናኘሁት በፈቃድ በሚሠራ ባለሙያ፣ በቼንጅ ኦቨር ማብሪያ፣ ማለትም ቤቱን ከዋናው መስመር ወይም ከኢንቨርተሩ እንጂ በአንድ ጊዜ ከሁለቱም ጋር በማያገናኝ ማብሪያ ነው። ይህን ለማንም ሰው በአጽንዖት እናገራለሁ። ኢንቨርተርን በሶኬት በኩል ወደ ቤት መስመር መመለስ፣ መብራት ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛን ሊገድል ይችላል።

እሳት ወይም ጭስ ቢነሣ ቤተሰቡ የሚያደርገውን ተስማምተንበታል። ጭሱ መርዛማ ስለሆነ ማንም ወደ ክፍሉ አይገባም፤ ሁሉም ሰው ከግቢ ይወጣል፤ ከክፍሉ ውጭ ያለው የኃይል ማጥፊያ በመውጫ መንገዳችን ላይ ስለሆነ፣ እግረ መንገድ ሲወጡ ብቻ ይጠፋል። አዲስ አበባ ከተማ ውስጥ ላላችሁ የእሳት አደጋ ስልክ 939 ነው። ስትደውሉ የሊቲየም ባትሪ መሆኑን ተናገሩ፤ እንዲህ ያለ እሳት የሚፈልገው ብዙ ውኃና ረጅም ማቀዝቀዝ ሲሆን፣ በዱቄት ማጥፊያ የጠፋ ቢመስልም ውስጡ ከጋለ መልሶ ይነሣል።

በክፍሉ በር ላይ ባትሪውን በደህና ጊዜ የማጥፊያ ቅደም ተከተል የተጻፈበት ወረቀት ለጥፌያለሁ፤ መጀመሪያ ወደ ቤት የሚሄደው መስመር፣ ቀጥሎ የሶላሩ ብሬከር፣ ቀጥሎ ከዋናው መስመር የሚመጣው ቻርጅ፣ በመጨረሻ ባትሪው። ፓኔሎቹ እየሠሩ ባትሪው ቀድሞ ከተነቀለ የሶላሩ መቆጣጠሪያ ሊበላሽ ስለሚችል ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት። የአሥራ አራት ዓመት ልጄ እኔ በሌለሁበት ሁለት ጊዜ ወረቀቱን እያነበበች በትክክል አጥፍታዋለች። ጋሼም አንድ ቀን መጥተው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ከላይ እስከ ታች አነበቡትና እስክሪብቶ ጠየቁኝ። ከመጀመሪያው ተራ በላይ በቀረችው ባዶ ቦታ በራሳቸው ጽሕፈት «በሩን ሳትከፍት ቆመህ አሽትት» ብለው ጨመሩበት።